ኤቭበሪ መንደር ሙሉ ቀን፦ ድንጋዩ፣ ጭቃውና አውቶቡሱ

ጠያቂ፣ ከለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። በሜይ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአንድ ቀን ከከተማ ልንወጣ አስበናል። 9 ነን፤ 5 ትልልቅ፣ 4 ልጆች፣ ትንሹ ገና አንቀልባ ላይ ነው። ከትልልቆቹ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጡ የ72 ዓመት እናታችን ናቸው፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል። ጥንታዊ ድንጋዮች የቆሙበት ስቶንሄንጅ ልንሄድ ነበር፤ ለዘጠኝ ሰው ሲደመር ግን ዋጋው አስደነገጠን። እዚያው ዊልትሸር አውራጃ ውስጥ እንዲሁ ድንጋዮች በክብ የቆሙበት ኤቭበሪ የሚባል መንደር አለ አሉን። መኪና የለንም። ደርሶ መልስ ይሆናል? ምን እንያዝ?

ስዊንደን ዙሪያ

እህቴ፣ ይሆናል። እንዲያውም ለእናንተ ከስቶንሄንጅ ኤቭበሪ ይሻላል። ስቶንሄንጅ ቲኬት ቆርጠሽ ገብተሽም ድንጋዮቹን ከመንገዱ ዳር ሆነሽ ነው የምታያቸው። ኤቭበሪ የድንጋዩን ክብ ለማየት መግቢያ የለውም፣ ልጆቹ ድንጋዩን በእጃቸው ይዳስሱታል፣ መንደሩም ግማሹ ክቡ ውስጥ ነው፤ ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ፣ አስፋልቱ ሳይቀር። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሙዚየሙና ለድሮው የባላባት ቤት ነው። ታሪካዊ ቦታዎችን የሚንከባከበው የናሽናል ትረስት ድርጅት አባል የሆነ ሰው ካላችሁ እሱም ይቀርለታል፤ ያው ካርድ ስቶንሄንጅም በነፃ ያስገባል፣ ለሌላ ቀን አስቡበት።

ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ስዊንደን ከተማ በባቡር 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወደ አውቶቡስ መሳፈሪያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ዲቫይዘስ የሚሄደውን 49 ቁጥር ትይዛላችሁ፣ መንደሩ ውስጥ ያወርዳችኋል። እሁድ አትምረጡ፦ አውቶቡሱ ይሳሳል፣ የባቡር ሐዲድ ጥገናም የሚበዛው እሁድ ነው፤ ባቡሩ ተሰርዞ ምትክ አውቶቡስ ላይ ሕፃን ይዞ መሳፈር ቀኑን ይበላዋል።

ስለ ቲኬት፦ የቤተሰብና የጓደኛ የባቡር ካርድ በአንድ ካርድ እስከ 4 ትልልቅና 4 ልጆች ይይዛል፤ ከትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ፣ ከልጆቹ 60 በመቶ ይቀንሳል። ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ መጓዝ አለበት፤ ከ5 ዓመት በታች ያለው ድሮም አይከፍልም። አምስተኛው ሰው ከካርዱ ውጭ ይሆናል። እሱን ቦታ እናትሽ ይያዙት፦ 60 ዓመት ለሞላው ሰው የሚሸጠው የባቡር ካርድ የአገሩ ነዋሪ መሆንን አይጠይቅም፣ ዕድሜያቸውን ፓስፖርታቸው ያሳያል። ዓመቱን ሙሉ ስለሚያገለግል እዚህ ጥቂት ወር የሚቆዩ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። የአዛውንቶች ነፃ የአውቶቡስ ካርድ ግን ለነዋሪ ብቻ ስለሆነ እሱን አትቁጠሩት።

እግረኛ

መንገዱን ልጨምር። ከአውቶቡስ ስትወርዱ በቀጥታ ወደ ደቡብ በኩል ወዳለው የክቡ ክፍል ግቡ። እዚያ መንገዱ ዳር የቆመው ግዙፍ ድንጋይ የሰይጣን ወንበር ይባላል፤ ጎኑ ላይ ሰው የሚያስቀምጥ እርከን አለው፣ ልጆች ተራ ይዘው ይቀመጡበታል። ከዚያ ክቡን የከበበውን ቦይና የአፈር ግንብ እያያችሁ ዙሩ። ቦዩ አሁን ሣር የሸፈነው ገደል ይመስላል፤ ሲቆፈር 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነበረው፣ የተቆፈረውም በአጋዘን ቀንድ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2850 እስከ 2200 ባለው መካከል ይገመታል። የውጭው ክብ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ያህል ነው፤ በዓለም ካሉት የድንጋይ ክቦች ትልቁ ነው።

የጥያን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው ቅርጽ ይፈልጋል፤ ሰይፍ፣ ምልክት። እዚህ የለም። ድንጋዩ እንደተገኘ ነው የቆመው፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን ረጅም። መሃል መሃሉ ላይ ትንንሽ የሲሚንቶ ምልክቶች ታያላችሁ፤ የጠፉት ድንጋዮች ቦታ ናቸው። በማርማላታ ንግድ የከበረ ቤተሰብ ልጅ የነበረው አሌክሳንደር ኬይለር በ1930ዎቹ የወደቁትን አስነስቶ፣ ለጠፉት ምልክት ተክሎ ሄደ። ለምን ጠፉ ካላችሁ፦ በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹን ቀበሯቸው፣ በኋላ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሥራቸው እሳት አንድደው፣ ሲግሉ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉ፣ ሰንጥቀው ቤት ሠሩባቸው። የመንደሩን ቤቶች ግድግዳ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ድንጋዩ ያው ነው። በ1938 አንዱን የተቀበረ ድንጋይ ሲያነሱ ከሥሩ የሰው አፅም፣ ከአፅሙ ጋር መቀስና የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሞች አገኙ፤ ፀጉር አስተካካይና ሐኪም ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

መራመድ የሚችለው ቡድን ወደ ደቡብ ይቀጥል። በኬኔት ወንዝ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ስትይዙ ጥንት በሰው እጅ የተሠራው ሲልበሪ ኮረብታ ከፊታችሁ ይመጣል፤ ከዚያ ዌስት ኬኔት የሚባለው ረጅም መቃብር። ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከልጅ ጋር 2 ሰዓት ተኩል መድቡ። ኤ4 የሚባለውን አውራ ጎዳና ታቋርጣላችሁ፤ መብራት የለም፣ መኪናው ይበርራል። ልጅ በእጅ ይያዝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሻገር።

መቃብሩ 100 ሜትር ያህል የሚረዝም ጉብታ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 ገደማ የተሠራ፣ ቢያንስ 36 ሰው የተቀበረበት። ይገባበታል። መጀመሪያ የምታዩት በሩን እንደ መጋረጃ የሚከልሉ ትልልቅ ድንጋዮች ናቸው፣ በጎናቸው ዞራችሁ ትገባላችሁ። ውስጡ አምስት ክፍል አለው፤ ይጨልማል፣ ወለሉ ዝናብ ከዘነበ ውሃ ይቋጥራል። የስልክ መብራት ይበቃል። ሻማ አታብሩ፣ ጥቀርሻው ድንጋዩን ያበላሻል።

ብሪስቶል

ሲልበሪ ላይ መውጣት ክልክል መሆኑን እግረኛ ሳይጠቅሰው አለፈ። ልጆች ሲያዩት ካልወጣን ይላሉ፣ ቁመቱ 30 ሜትር ነው፣ አረንጓዴ ኬክ ነው የሚመስለው። የተከለከለው ለይስሙላ አይደለም፦ በ1776 ከአናቱ ቁልቁል የተቆፈረው ጉድጓድ በ2000 ተደርምሶ ኮረብታው ውስጡ ባዶ ቦታ እንዳለው ታየ፣ በ2007 እና 2008 በጠመኔ ሞልተው ደፈኑት። አጥሩ ውጭ ሆኖ ማየት ነው።

ጭቃውንም አትናቁት። መሬቱ ጠመኔ ነው፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወንዙም በእንግሊዝ ክረምት የሚሞላ ነው፦ በእንግሊዝ በጋ መጨረሻ ይደርቃል፣ ከፈረንጆች ገና በኋላ ሞልቶ የእግር መንገዱን ይሸፍናል። በሜይ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ያም ሆኖ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። የልጅ ጋሪ መንደሩ ውስጥ ይሠራል፤ ወደ መቃብሩ ግን በየአጥሩ ላይ ሰው አንድ አንድ እያለ የሚያልፍበት ጠባብ በር አለ፣ ጋሪ አይገባም። አንቀልባው ጥሩ ሐሳብ ነው።

መንገድ ዳር ሳማ አለ፣ የእኛው ሳማ ዘመድ ነው፤ ከጎኑ የቱልት ዘመድ የሆነ ቅጠልም ይበቅላል፣ እንግሊዞችም እንደኛ እሱን ያሹበታል። መዥገር ግን ከሳማ ይብሳል፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ። ማታ ልጆቹን ስታጥቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ከፀጉር መስመር ላይ እዩ። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ ብሎ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ እንጂ ቅባት መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል የለም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ለእኛ ሰው፦ ከሰልና ጀበና ይዛችሁ እንዳትመጡ። እሳት እዚያ አይፈቀድም፣ ደረቅ ሣር ነው፣ በጎችም ይግጡበታል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ። ፍርፍር በሳህን ይሻላል፤ እንጀራ ዘርግቶ ወጥ ማፍሰስ ሜዳ ላይ ነፋሱ አይመችም።

ጠያቂ፣ ከለንደን

እግዜር ይስጥልኝ። እናታችን እስከ መቃብሩ አይችሉም። እኛ ስንሄድ የት ይቆዩ?

ስዊንደን ዙሪያ

መንደሩ ውስጥ፣ አንድ ሰው አብሯቸው ይቅር። የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከፊሉ ከ1066 በፊት የተሠራ ነው። በውስጡ በድሮ ጊዜ በመቅደሱና በሕዝቡ መካከል ይቆም የነበረው የእንጨት ሰገነት አሁንም አለ፤ የእኛን መጋረጃ የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጫማ ማውለቅ አይጠበቅም፤ እማማ ልውለቅ ካሉም የሚከለክላቸው የለም። ከዚያ የክቡ የሰሜን ጫፍ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ዳር ወድቆ የማያውቀው የስዊንደን ድንጋይ የሚባለው ቆሟል፣ ግዙፉ እሱ ነው። ሽንት ቤት መንደሩ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ይግቡ። ምሳ መጠጥ ቤት ልትበሉ ካሰባችሁ ኩሽናው ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል ደውላችሁ ጠይቁ።

ሰዓት ስትነጋገሩ ተጠንቀቁ። "10 ሰዓት ላይ ድንጋዩ ጋ እንገናኝ" ብሎ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት የሚረዳው በዚህ ነው። ለእናታችሁ በአበሻ ሰዓት ንገሯቸው፣ ለአውቶቡሱ ግን 16:00 ብላችሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉት። የመጨረሻውን 49 ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን መመለሻ አድርጉት፤ የመጨረሻው ካመለጣችሁ በስልክ አፕ ታክሲ አይጠበቅም፣ ገጠር ነው። ለማንኛውም የስዊንደንን ወይም የማርልቦሮን የታክሲ ቁጥር ከቤት ሳትወጡ ጽፋችሁ ያዙ።

እግረኛ

ሰማያዊ አበባ የሞላበትን ጫካ ለማየት የምትፈልጉ ከሆነ ሜይ መጨረሻ ያልፍባችኋል። እሱን ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ማርልቦሮ አጠገብ ባለው ዌስት ዉድስ እዩት። በ2020 በወጣ ጥናት የስቶንሄንጅ ትልልቅ ድንጋዮች አብዛኞቹ ከዚያ ጫካ እንደመጡ ታውቋል። ከመንገዱ አትውጡ፤ የተረገጠው ቅጠል ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን ምግብ ሥሩ ላይ አያከማችም፣ አበባው ለዓመታት ይጠፋል።