የቦታው ድምፅ ይቆይ ወይስ ይጥፋ? በውዝዋዜ ፊልምና በድምፅ ሙያ ላይ የተነሳ ክርክር

የፊልም ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፊልም ነው የምማረው፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የ9 ደቂቃ የውዝዋዜ ፊልም ነው። ጎጃም አንድ ገጠር ሄጄ ሰርግ ላይ ቀረጽኩት። በፊልሙ ውስጥ ያለው ድምፅ የሰርጉ ድምፅ ብቻ ነው። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ የተወዛዋዦቹ ትንፋሽ። ከውጭ አንድም ነገር አልጨመርኩም።

ገምጋሚዎቼ አዩትና «ድምፁ ጥሬ ነው፤ ስቱዲዮ ግቢና ሙዚቃ አሠርተሽ አልብሺው» አሉኝ። ፊልሙ እኮ ስለዚያ ድምፅ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወሬው ወደ እኔ ዞረ። «ዳይሬክቲንግ ተምረሽ ለምን ድምፅ ላይ ሙጭጭ አልሽ? ቡም፣ ማይክ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ፣ ተሸክመሽ ልትኖሪ ነው?» ተባልኩ። ቤት ስገባም ያው ጥያቄ ጠበቀኝ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ባህላዊ ውዝዋዜ ስንቀርጽ የቦታውን ድምፅ አጥፍተን የስቱዲዮ ሙዚቃ መጫናችን ልክ ነው? ደግሞስ ድምፅ እየሠራሁ የውዝዋዜ ፊልም ልሥራ ብል ያዋጣኛል? እውነቱን ንገሩኝ።

አቀናባሪው፦
እህቴ፣ እኔ የምውለው ስቱዲዮ ነው። ወገንተኛ ነህ ብትይኝ አልቀየምም። ግን ስሚኝ። ሰርግ ላይ ከበሮው ይፈጥናል። ሲጀምር ዝግ ብሎ ነው፤ ሰው ሲሞቅ ምቱም አብሮ ይሞቃል። አንቺ ኤዲት ስታደርጊ አንድ ሾት ከመጀመሪያው፣ ሌላ ሾት ከመጨረሻው ታመጫለሽ። ሁለቱ አይገጥሙም። ትከሻው በአንድ ምት፣ ከበሮው በሌላ ምት ይሆናል። በፕሌይባክ፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀረጸ ዘፈን እያጫወትሽ፣ ስትሠሪ ግን ዘፈኑን 10 ጊዜ ብታጫውቺው 10ሩንም ጊዜ ምቱ አንድ ነው። ከየትኛውም ሾት ወደ የትኛውም መቁረጥ ትችያለሽ። ክሊፕ ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሠራው ሰው ሰንፎ አይደለም።

ሌላው፣ ሰው በምን እንደሚያይ አስቢ። ብዙው በስልኩ ነው የሚያየው። የስልክ ስፒከር የከበሮን ጉልበት አያወጣም። ወፍራሙ ድምፅ እዚያው ይቀራል፤ የሚሰማው ቀጭኑ ብቻ ነው። እኛ ይህን አውቀን ነው ስቱዲዮ ውስጥ የጎደለውን የምንሞላው።

ተወዛዋዧ፦
እኔ መድረክ ላይ ካደግሁት ወገን ነኝ። ለክሊፕም ብዙ ጊዜ ተወዛውዣለሁ። አቀናባሪው ስለ ኤዲቲንግ ያለው እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ተወዛዋዡ ጋ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ከበሮ መቺ ፊት ለፊቴ ሲኖር ያየኛል። ትከሻዬን ያዝ ሳደርግ እሱም ያዝ ያደርጋል። እንቅጥቅጡን ሳወርደው ይከተለኛል። አንዳንዴ እኔ እመራዋለሁ፣ አንዳንዴ እሱ ይመራኛል። ፕሌይባክ ላይ ግን የሚያየኝ የለም። ዘፈኑ አይጠብቀኝም። እኔ ብቻ ነኝ የምከተለው። ስለዚህ የሚቀየረው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ውዝዋዜው ራሱ ሌላ ይሆናል። ተመልካች ምን እንደጎደለ ላያውቅ ይችላል፤ መጉደሉ ግን ይታወቀዋል።

ደግሞ ትንፋሹ። እስክስታ ስንወርድ በጥርሳችን መሃል «እስ… እስ…» እንላለን አይደል? ያ ጌጥ አይደለም። ትከሻውን የሚያስነሳው እሱ ነው። በክሊፕ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ያ ነው። የጉራጌ ጭፈራን አስቡት። እዚያ ጭብጨባውና እግሩ ራሱ መሣሪያ ነው። ማህሌት ላይ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጸናጽሉ ሲንቀሳቀስ፣ እንቅስቃሴውንና ድምፁን ማን ይለያቸዋል? አንዱን አጥፍተህ ሌላውን ብቻ ብታሳየኝ ግማሹን ነው ያሳየኸኝ።

ልጄ፣ ስቱዲዮ አትግቢ። እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

ሰርግ ቀራጩ፦
እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልናገር። ስለ እንጀራ ማንም አላነሳም።

ብዙ ዓመት ሰርግ ቀርጬአለሁ፤ አጫጭር ማስታወቂያም ሠርቻለሁ። ሥራ ሲመጣ ደንበኛው የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ስንት ካሜራ አለህ? ድሮን አለህ? ይላል። ማይክ ስንት አለህ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰርጉን ቀርጸን ስንጨርስ ሙሽሮቹ የሚወዱትን ዘፈን ከላይ እናደርጋለን። እነሱም ደስ ይላቸዋል። የአያታቸው እልልታ ከሥር እንደጠፋ አያስተውሉም። እኔም ሳላስተውል ብዙ እልልታ አጥፍቻለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ፊልም ላይም ያው ነው። በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የድምፅ ሰው ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ድምፅ ተማሪ፣ ግን ካሜራውን አትልቀቂው። ሁለቱን ያዢ። የቤት ኪራይ ስለ ድምፅ ጥራት አይጠይቅም።

የድሮው ድምፅ ሠራተኛ፦
ሰርግ ቀራጩ ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ትተሃል። የድምፅ ሰው የሚቀነሰው ስላላስፈለገ አይደለም። ድምፅ ሲበላሽ ነው የሚታወቀው፤ ጥሩ ሲሆን ማንም አያየውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ክርክር ተነስቶ ነበር። የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተመለሰ ሲመጣ የአገር ውስጡን ፊልም ይጎዳል ያሉ ነበሩ። ያ ክርክር የራሱ ነው። ግን ከድራማው ጀርባ ማን ነበር? ድምፅ የሚቀርጹ፣ የሚያስተካክሉ፣ ከአፍ ጋር የሚያገጥሙ ሰዎች። ከዚያ በፊት ለዚህ ሥራ ይህን ያህል እጅ አይፈለግም ነበር። ሙያው አለ። ጠባብ ነው፣ ግን አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ጥሬ ነው» ሲሉሽ ተናደድሽ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። በስንት ማይክ ቀረጽሽ? ማይኩስ የት ነበር?

የፊልም ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። አንዱ ካሜራው ላይ የነበረው ነው። ሌላው ትንሽ ሪከርደር ነው፤ ዳሱ ምሰሶ ላይ አሰርኩት። ሌላ አልነበረኝም። ሪከርደሩን የድምፁን መጠን ራሱ እንዲያስተካክል አውቶማቲክ ላይ ነበር የተውኩት።

የድሮው ድምፅ ሠራተኛ፦
አመሰግናለሁ፣ ሳትደብቂ ነገርሽኝ። እንግዲህ የቀረጽሽው የሰርጉን ድምፅ ሳይሆን የዳሱን ምሰሶ ድምፅ ነው። አትቀየሚኝ።

አውቶማቲክ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? እልልታ ሲመጣ መሣሪያው ይደነግጥና ሁሉንም ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ከበሮው ይሰምጣል። እልልታው ሲያልቅ ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ጫጫታውና ነፋሱ አብሮ ይነሳል። ገምጋሚዎችሽ ጥሬ ያሉት ምናልባት ይህን ይሆናል። ስሙን ሳያውቁት ጆሯቸው ነግሯቸዋል።

ሁለተኛ፣ ርቀት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ምስል፣ ስትቀርጪ አንድ ፍሬም ማለት 40 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ድምፅ የሚጓዘው 14 ሜትር የማይሞላ ነው። ካሜራሽን 28 ሜትር አርቀሽ በዙም ብትቀርጪ፣ ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ምቱን ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይሰማዋል። በንግግር ላይ ሰው ላያስተውለው ይችላል። እስክስታ ላይ ግን ትከሻውና ከበሮው ተለያዩ ማለት ነው። አቀናባሪው «አይገጥምም» ያለው ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው። መፍትሔው ፕሌይባክ ሳይሆን ማይኩን ማቅረብ ነው።

አቀናባሪው፦
ጋሼ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን የምቱ መፍጠን በማይክ አይፈታም።

የድሮው ድምፅ ሠራተኛ፦
አይፈታም፣ ልክ ነህ። እሱ የሚፈታው በሾት ርዝመት ነው። ውዝዋዜን አትቆራርጡት። አንድ ዙር ሙሉውን ተዉት። ክሊፕ ነው ያስለመደን በየሁለት ሰከንዱ መቁረጥን።

ወጣቱ ዳይሬክተር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከሁላችሁም ጋር አልስማማም። ሁላችሁም ስለ ቅርስ ነው የምታወሩት። ልጅቷ ግን የውዝዋዜ ፊልም ልሥራ ነው ያለችው። የውዝዋዜ ፊልም ማህደር አይደለም።

ማያ ዴረን የምትባል የአሜሪካ ፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1945 አንድ ተወዛዋዥ ይዛ አጭር ፊልም ሠርታለች። ተወዛዋዡ ታሊ ቢቲ ጫካ ውስጥ እግሩን ያነሳል፤ እግሩ የሚያርፈው ግን ቤት ውስጥ ነው። መድረክ ላይ የማይቻል ውዝዋዜ ነው፤ በካሜራና በመቁረጥ ብቻ የሚገኝ። ደግሞ ፊልሙ ድምፅ የለውም። ምንም። እስከ ዛሬ ፊልም ተማሪ ያየዋል።

እኛ አገር አንድ ሰው እስክስታ ሲቀርጽ ወዲያው «ቅርሱን ጠብቅ» ይባላል። ያ ሸክም ለተማሪ ከባድ ነው። ከፈለገች ድምፁን ሁሉ ታውጣው። ከፈለገች የዝናብ ድምፅ በቆርቆሮ ላይ ታድርግበት። መብቷ ነው። ጎጃም የሄደችው ፊልም ልትሠራ ነው።

ከሃይፋ፦
ለወጣቱ ዳይሬክተር መልስ አለኝ። እኔ እስራኤል ነው ያደግሁት። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሩት ኤሼል የምትባል ባለሙያ የቤተ እስራኤልን ውዝዋዜ አጠናች። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲም ከኢትዮጵያ ከመጡ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የሚባል ቡድን አቋቋመች። ያ ቡድን ባህሉን ይዞ አዲስ ሥራ ነው የሠራው። ስለዚህ በአዲስ ፈጠራ አልጣላም። ግን አዲሱን የሠሩት አሮጌውን ሰምተው ነው።

የእኔ ቤተሰብ ሌላ ነገር ነው የገጠመው። የአክስቴ ሰርግ የድሮ ቪዲዮ አለን። አያቴ እዚያ ውስጥ ትወዛወዛለች፣ ትዘፍናለችም። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ግን ከላይ የኪቦርድ ዘፈን ጭኖበታል። አያቴ ዛሬ የለችም። የምትዘፍነውን የሚያውቅም አልቀረም። ስንት ጊዜ ከንፈሯን እያየሁ ቃሉን ለማግኘት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

አንተ «ድምፁን ታውጣው» ስትል ከፊልሙ ማውጣትና ከነአካቴው ማጥፋት ሁለት ነገር ነው። ከፊልሙ ታውጣው። ቅጂው ግን ይቀመጥ።

ሰርግ ቀራጩ፦
ከሃይፋ፣ ያልሽው ልቤ ውስጥ ገባ። ዛሬ ማታ የድሮ ሃርድ ዲስኮቼን አወጣለሁ። ጥሬው ያለባቸው ይኖራሉ። ለባለቤቶቹ እሰጣለሁ።

ተወዛዋዧ፦
ካዛንቺስንም አስታውሱ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንድቃ የሚባለውን አዝማሪ ቤት ለዓመታት ይዞ እስክስታን ከአዝማሪው ጋር ያቆየው እዚያ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ያዘንነው ለሕንፃው ብቻ አይደለም። አዝማሪ ቤት የራሱ ድምፅ አለው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ማሲንቆው ጆሮህ ሥር ነው። ያን ድምፅ በየትኛው ስቱዲዮ ነው መልሰን የምንሠራው? ሙዚቀኞቹ ሌላ ቦታ ይጫወታሉ። ክፍሉ ግን አይመለስም። ዛሬ ስንቱ ሰፈር እየተቀየረ ነው? የድምፅ ሰው ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው። ነገ ሳይሆን አሁን።

ወጣቱ ዳይሬክተር፦
ከሃይፋ፣ ስለ አያትሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅጂው ይቀመጥ የሚለውን ተቀብያለሁ። ግን አቋሜን አልለወጥኩም። ተማሪዋ «የቦታው ድምፅ ብቻ» ብላ ራሷን ማሰር የለባትም። ዝምታን መምረጥም ትችላለች።

የፊልም ተማሪዋ፦
ዝምታን መምረጥ ለካ የድምፅ ሥራ ነው! አንተ ያልከውን ፊልም ክፍል ውስጥ አይተነዋል። የገረመኝ ዝምታው ነበር። እሷ ዝም ያሰኘችው አውቃ ነው። እኔ ግን አንዱ ቦታ ላይ የከበሮው ድምፅ የጠፋብኝ ባለማወቅ ነው። ልዩነቱ አሁን ገባኝ።

ጋሼ ምሰሶው ላይ ያሉኝ ትንሽ አሞኛል፤ ግን እውነት ነው። ድምፁን ስከላከል የነበረው በደንብ ሳልቀርጸው ነው። ስቱዲዮ ገብቼ ሙዚቃ አላሠራም፤ በዚህ አልተለወጥኩም። ሆኖም ያለኝን አላስረክብም። ጥር ላይ እዚያው መንደር ሌላ ሰርግ አለ፤ ጠርተውኛል። ጊዜ እንዲጨምሩልኝ ነገ አመለክታለሁ። ማይክ የሚያውሰኝ ጓደኛ አለ፤ ሦስት አገኛለሁ። ካሜራውን ደግሞ ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ፤ እኔ ድምፁን እይዛለሁ። ለቤተሰቤም ይህንኑ ነግሬአለሁ። እናቴ ዝም አለች፤ ከዚያ «ስትሄጂ ጋቢ ያዢ፣ ይበርዳል» አለችኝ።

ጋሼ፣ ሦስቱን ማይክ የት የት ላድርጋቸው?

የድሮው ድምፅ ሠራተኛ፦
አንዱን ከበሮው ጋ፣ ከሰፊው አፍ በኩል አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጊ፤ ወፍራሙ ድምፅ ከዚያ ነው። መቺውን አስቀድመሽ አስፈቅጂው። አንዱን ዝቅ አድርጊና ወደ እግርና ወደ ትንፋሽ አዙሪው። ሦስተኛውን ከአጨብጫቢዎቹ በላይ ስቀዪ። አውቶማቲኩን አጥፊ። የሪከርደሩን የቅጂ ጥራት 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጊው። መጠኑን የምትለኪው በእልልታው ነው፤ ሴቶቹን አንዴ እልል በሉልኝ ብለሽ ለምኚያቸው፣ እምቢ አይሉሽም። ሲጀመር ሦስቱም ማይክ እንዲሰሙት አንዴ አጨብጭቢ፣ ካሜራውም ይይሽ። ሰርጉ ሲያልቅ ደግሞ ሰው ሳይበተን መቺው ብቻውን 2 ደቂቃ እንዲመታልሽ ጠይቂው። ከዚያ ሁሉም ዝም ሲል የዳሱን ዝምታ 1 ደቂቃ ቅጂ።

አቀናባሪው፦
ስትመለሺ ሚክሲንጉን፣ የሦስቱን ማይክ ድምፅ ማመጣጠኑን፣ ስቱዲዮዬ ነይና ሥሪው። ምንም አልጨምርበትም።