ታርጋውን ሙሉውን አይቼው ነበር፤ የት ገባ?

የቄራው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ዝናቡ እንዳባራ አንድ መኪና እናቴን በጭቃ አልብሷት በረረ። ቀና ስል ታርጋውን አየሁት። ሙሉውን! ልጽፈው ስል ግን ኮድ 3 እና ሁለት ቁጥር ብቻ ቀሩኝ። እውነት አይቼዋለሁ ወይስ መስሎኝ ነው?

መምህርቷ፦
አይተኸዋል። ሳይኮሎጂ ሳስተምር በጣም የምወደው ርዕስ ይሄ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስፐርሊንግ የሚባል አሜሪካዊ 12 ፊደላትን በሦስት መስመር ደርድሮ ለ50 ሚሊሰከንድ ብልጭ አደረገ። ሰዎቹ ሲጽፉ አራት ወይ አምስት ላይ ያልቅባቸዋል፤ ግን ከጻፍነው በላይ አይተናል ይላሉ። ስፐርሊንግ አመናቸው። እኔ የማደንቀው ይህን ነው።

ከዚያ ዘዴ ቀየረ። ፊደላቱ ከጠፉ በኋላ ድምፅ ያሰማል። ቀጭን ድምፅ ከሆነ የላይኛውን፣ መካከለኛ ከሆነ የመሃሉን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን መስመር ብቻ ንገሩኝ። የቱ እንደሚጠየቅ አስቀድመው አያውቁም። ግን ከአራቱ ሦስቱን ያህል ይመልሳሉ! ስለዚህ ከ12ቱ ዘጠኝ የሚሆኑት ገና አእምሯቸው ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ድምፁ አንድ ሰከንድ ከዘገየ ግን አለቀ። አንተም የመጀመሪያዎቹን ስታነብ የቀሩት ጠፉብህ።

የሐምሌ ልጅ፦
መምህርት፣ ለቡሄ ችቦ ስናዞር የእሳት ክብ የሚታየንስ?

መምህርቷ፦
የዚሁ ዘመድ ነው። እሳቱ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ያለፈበት ግን ከዓይናችን ቶሎ አይጠፋም። በ1740 እ.ኤ.አ. ሴግነር የሚባል ሰው የጋለ ፍም በሚሽከረከር ጎማ ላይ አስሮ ለካው። ክቡ ሙሉ የሚመስለው አንድ ዙር በአንድ አሥረኛ ሰከንድ አካባቢ ሲያልቅ ነው።

የቄራው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለሌላ ጊዜስ ምን ይሻለኛል?

መምህርቷ፦
ኮዱን ተወው፤ እሱን የሚጋራ መኪና መዓት ነው። ዓይንህን መጨረሻዎቹ ቁጥሮች ላይ ጣል፣ ወዲያው ጮክ ብለህ ጥራቸው። ስልክ ለማውጣት አትቸኩል። አዲስ ምስል ዓይንህ ላይ ሲመጣ የፊተኛውን ይደመስሰዋል። በቃል የያዝከውን ግን እየደጋገምክ እስክትጽፈው ታቆየዋለህ።