ስፔን ውስጥ ከኋላ ተገጨን፣ የምኖረው ጀርመን ነው። ካሳውን ማንን ልጠይቅ?

የወንዝ_ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የዛሬ ስምንት ወር ገደማ ከጓደኛዬ ጋር ለአንድ ሳምንት ቫሌንሲያ ሄደን ነበር። መኪና ተከራይተን እሷ ትነዳለች፣ እኔ ጎኗ ተቀምጫለሁ። ቀይ መብራት ይዞን ቆመናል። በጎን መስታወቱ አንድ መኪና ሲመጣ አየሁና «ይሄ ሰው አይቆምም እንዴ?» ብዬ ሳልጨርስ ከኋላ መጥቶ ገጨን። ቀበቶ አስሬአለሁ። ግን ደንግጬ እጄን ወደፊት ስለዘረጋሁ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። አንገቴም ያን ቀን ማታ ነው መዞር እምቢ ያለኝ።

ፖሊስ መጥቶ መዘገበ። ሰውየው እዚያው ጥፋቱን አምኗል። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሥቻለሁ። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ራጅ ተነሣሁ፣ ጄሶ አሰሩልኝ። ከተመለስኩ በኋላ ስድስት ሳምንት በጄሶ፣ ከዚያ እስካሁን ፊዚዮቴራፒ። ዛሬም የውሃ ጠርሙስ ክዳን በቀኝ እጄ መክፈት አልችልም።

ባለፈው ሳምንት የሰውየው ኢንሹራንስ 1,100 ዩሮ እንከፍላለን የሚል በስፓኒሽ የተጻፈ ወረቀት በኢሜይል ላከልኝ። ከላዩ «ፊኒኪቶ» ይላል። በስልኬ ሳስተረጉመው መጨረሻው ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ነገር አልጠይቅም» የሚል አለበት። በአሥር ቀን ውስጥ ፈርመሽ መልሺ ብለውኛል።

ልፈርም? ስፔን ድረስ መመላለስ አለብኝ? አንድ የማውቀው ሰው «ጀርመን ሦስት ዓመት አለሽ፣ አትቸኩዪ» አለኝ፣ እውነት ነው? ጓደኛዬስ ላይ ነገር ይመጣባታል? የምትነዳው እሷ ስለነበረች እሱም ያሳስበኛል።

ባለብስክሌቱ

እህቴ እንኳን ተረፍሽ። ከሁሉም በፊት፦ አትፈርሚ። ይሄን ሳነብ የራሴ ነገር ነው የመጣብኝ። እኔም እዚያው ስፔን በብስክሌት ስሄድ መኪና ገጭቶኝ ነበር። ትከሻዬ ነው የተጎዳው። በአራተኛው ወር ልክ እንዳንቺ ወረቀት መጣልኝ። ሐኪሙ «እየዳንክ ነው» ብሎኝ ነበርና ፈረምኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ነገሩ አለቀ ብዬ። በዘጠነኛው ወር ትከሻዬ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገው ተነገረኝ። ወደ ኢንሹራንሱ ብጽፍ የመለሱልኝ የራሴን ፊርማ ኮፒ ነው። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። የሁለት ወር ደመወዜ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጠበቃ ሁሉ ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝ።

ሕመምሽ የት ላይ እንደሚቆም ሳይታወቅ ዋጋ አይቆረጥለትም። እጅሽ ጠርሙስ መክፈት ሳይችል እንዴት ብለሽ ነው «ምንም አልጠይቅም» የምትዪው?

ፋይል_ከፋች

የምሠራው ጠበቃ ቢሮ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር የመኪና አደጋ ፋይሎች ላይ። ጠበቃሽ አይደለሁም፣ ግን የጠየቅሽውን አንድ በአንድ ልመልስ፣ ምክንያቱም የሦስት ዓመቷ ነገር በጣም አሳስባኛለች።

ሦስት ዓመት የጀርመን ይርጋ ነው፣ ማለትም ካሳ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ። አደጋው የደረሰው ስፔን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሮም ሁለት በሚባለው ደንብ መሠረት ካሳው የሚዳኘው ጉዳቱ በደረሰበት አገር ሕግ ነው። የጊዜ ገደቡም አብሮ ይሄዳል። የስፔን ፍትሐ ብሔር ሕግ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚሰጠው ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው! በአካል ጉዳት ዓመቱ የሚቆጠረው ጉዳቱ ረግቶ፣ ማለትም ከዚህ በላይ አይሻልም አይብስም ከተባለበት ቀን ነው። ስለዚህ አንቺ ገና ሕክምና ላይ ስለሆንሽ ጊዜ ሊኖርሽ ይችላል፣ ግን ቀኑ የቱ ነው የሚለው ራሱ ክርክር ይነሣበታል። ከአደጋው ቀን እንደተቆጠረ አድርገሽ ብትንቀሳቀሺ ይሻላል። አራት ወር አለሽ ማለት ነው። ደጉ ነገር፣ በጽሑፍ ካሳ ከጠየቅሽ ይርጋው ይቋረጣል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ግን መጠየቅሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግሻል። በስልክ ማውራት አይበቃም። የአደራ ደብዳቤ፣ የመድረሻ ማረጋገጫ ያለው።

ስፔን መሄድ አያስፈልግሽም። በኅብረቱ ውስጥ የሚሠራ እያንዳንዱ የመኪና ኢንሹራንስ በሌሎቹ አባል አገሮች ሁሉ የካሳ ወኪል ማስቀመጥ ግዴታው ነው። የዚያ ኢንሹራንስ ወኪል ጀርመን ውስጥ አለ፣ በጀርመንኛ ሊያነጋግርሽም ይገባል። ማን እንደሆነ ለማወቅ «ጼንትራልሩፍ ዴር አውቶፈርዚሸረር» የሚባለውን የመረጃ ማዕከል ጠይቂ። ታርጋውና የአደጋው ቀን ይበቃቸዋል። ያነሣሻት ፎቶ ትልቅ ነገር ናት። ወኪሉ ጥያቄሽ በደረሰው በሦስት ወር ውስጥ ወይ የተብራራ የካሳ ሐሳብ ወይ ምክንያቱን የሚገልጽ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካሉሽ «ፈርኬርስኦፕፈርሂልፈ» ወደሚባለው የጀርመን የካሳ አካል መሄድ ትችያለሽ።

ስለ ወረቀቷ ደግሞ። በስፔን ሕግ ኢንሹራንሱ የሚያቀርበው ትክክለኛው የካሳ ሐሳብ ስሌቱን በዝርዝር ማሳየት አለበት፣ የተመሠረተበትን የሐኪም ሪፖርትም ማያያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያው «ወደፊት አልከስም» ብለሽ በመፈረምሽ ላይ እንዳልተመሠረተ በግልጽ መጻፍ አለበት። ገንዘቡን ተቀብለሽ ቀሪውን መከራከር እንድትችዪ ነው ሕጉ እንዲህ ያደረገው። አንቺ ጋ የመጣው ተቃራኒው ነው። «ፊኒኪቶ» ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው። የአሥር ቀኗም ቀጠሮ የእነሱ ናት እንጂ የሕግ አይደለችም።

ጓደኛሽ አትጨነቅ። ቆማ ነው የተገጨችው፣ ከኋላ የገጨው ሰው ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው። አንቺ ተሳፋሪ ነሽ። ማን አጠፋ ተብሎ ሹፌሮቹ ቢከራከሩ እንኳን ተሳፋሪ ካሳ አያጣም። ቀበቶ ማሰርሽን በደብዳቤው ላይ ጻፊ፣ ካላሰርሽ ካሳውን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ይጠይቁሻል።

ጽጌ_ነርስ

እኔ የምጨምረው ሕክምናው ላይ ነው። ወረቀት ሰብስቢ የኔ እህት፣ ሁሉንም። አንገትን በተመለከተ የስፔን ሕግ 72 ሰዓትን ይመለከታል፦ ሕመሙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታይቷል ወይ፣ ወይም ሐኪም አይቶሻል ወይ ነው ጥያቄው። አንቺ ያንኑ ማታ ሆስፒታል ገብተሻል። ነገር ግን የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንገትሽ ተጽፏል? ብዙ ጊዜ ስብራቱ ብቻ ይጻፍና አንገቱ ይረሳል። አሁኑኑ አውጥተሽ እዪው። ከሌለ ደግሞ ስትመለሺ መጀመሪያ ያየሽ ሐኪም መቼና ምን እንደጻፈ ፈልጊ።

ፊዚዮቴራፒስቱ እጅሽ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለክቶ ይጻፍልሽ፣ ግራና ቀኙን እያነጻጸረ። «ያመኛል» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥር ይናገራል። የጠርሙሷንም ነገር ለሐኪሙ ንገሪው፣ ፋይልሽ ላይ ይግባ። የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ የለም ማለት ነው።

ኢንሹራንሱ በራሱ ሐኪም ላሳይሽ ካለ እምቢ አትበዪ። ግን የሚጽፈውን ሪፖርት እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

የወንዝ_ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እውነቱን ለመናገር ትናንት ማታ ልፈርም እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። የሆስፒታሉን ወረቀት አየሁት፣ «ሰርቪካልሂያ» የሚል ቃል አለበት፣ የአንገት ሕመም ማለት ነው መሰለኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሕክምናውን የጤና ኢንሹራንሴ ከፍሏል፣ ደመወዜም አልተቋረጠም። ታዲያ የምጠይቀው ምን ቀረኝ? ደግሞስ 1,100 ዩሮ ትንሽ ነው ወይስ እኔ ነኝ የበዛ የጠበቅሁት?

ፋይል_ከፋች

የጤና ኢንሹራንስሽ የከፈለውን ራሱ ከዚያኛው ኢንሹራንስ ያስመልሳል። አሠሪሽም እንደዚያው፣ በሕመም ፈቃድ ላይ እያለሽ እስከ ስድስት ሳምንት የከፈለሽን ደመወዝ እሱ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ለሁለቱም አደጋው የሌላ ሰው ጥፋት እንደሆነ አሳውቂ፣ ግዴታሽም ነው። ያንቺ የሚሆነው ከኪስሽ የወጣው ነው፦ ለሕክምና የጨመርሽው፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ የተመላለስሽበት ትራንስፖርት፣ የተሰበረ ስልክ ወይም መነጽር ካለ፣ ስፔን ሆነሽ የቀየርሽው የአውሮፕላን ትኬት። ደረሰኝ ያለው ሁሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደመወዝሽ ወደ ሕመም አበል ተቀይሮ ከሆነ የጎደለውም ያንቺ ነው።

ዋናው ግን የአካል ጉዳቱ ነው። ስፔን «ባሬሞ» የሚባል የካሳ ሠንጠረዥ አላት፣ አሁን ያለው በ2015 ሕግ ቁጥር 35 የወጣ ነው። ለመዳን የወሰደብሽን እያንዳንዱን ቀን ይቆጥራል። ሕጉ ሲወጣ ለተራው ቀን 30 ዩሮ ነበር፣ ሥራሽን ወይም የዕለት ኑሮሽን መሥራት ላቃተሽ ቀን 52 ዩሮ፣ ለከባዱ 75፣ ለእጅግ ከባዱ 100። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይስተካከላል። እስኪ በጄሶ የነበርሽበትን ስድስት ሳምንት ብቻ በድሮው 52 አባዢው፦ 42 ቀን፣ 2,184 ዩሮ። የፊዚዮቴራፒው ወራት አልተቆጠሩም። እጅሽ ላይ የሚቀር ጉድለት ካለ ደግሞ ለብቻው በነጥብ ይሰላል። እንግዲህ 1,100ው ከየት እንደመጣ እነሱ ያስረዱ።

ሌላም ልንገርሽ። በሦስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላቀረቡ ወለድ ይጨመርባቸዋል። ከአደጋው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ አያንስም። ስለዚህ የጠየቅሽበት ቀን ተመዝግቦ ይቀመጥ።

የትራፊክ የሕግ ወጪ ኢንሹራንስ ከአደጋው በፊት ገብተሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓን በሙሉ ይሸፍናል፣ ደውዪላቸው። ክስ ቢያስፈልግም እዚያው የምትኖሪበት ከተማ ፍርድ ቤት ትችያለሽ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2007 ኦደንብራይት በሚባለው ጉዳይ ላይ ወስኗል። ዳኛው ጀርመናዊ ይሆናል፣ የሚሠራው ግን በስፔን ሕግ ነው። በዚህ ምክንያት የባለሙያ አስተያየት ያዝዛሉ፣ ወጪም ጊዜም አለው። መጀመሪያ በወኪሉ በኩል ሞክሪ።

መንገደኛ_77

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ የእኔ አደጋ እንግሊዝ ነው የደረሰው። ይሄ ይሠራልኛል?

ፋይል_ከፋች

ወንድሜ፣ ከ2021 ጀምሮ አይሠራም፣ ብሪታንያ ከኅብረቱ ወጥታለች። እዚህ ባለ ወኪል በኩል የሚያስኬድ ግዴታ የለባቸውም፣ እዚህ መክሰስም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በቀጥታ እዚያው ነው የምትጠይቀው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለአካል ጉዳት ሦስት ዓመት ጊዜ አለህ። የእንግሊዝ ጠበቃ ያዝ፣ ሌላ ጥያቄ ክፈትና እዚያ በሰፊው እናውራ።

የወንዝ_ልጅ (ጠያቂ)

ዛሬ ላክሁት። የመረጃ ማዕከሉ የወኪሉን አድራሻ በሁለት ቀን ሰጠኝ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ አደጋውን ቀንና ቦታ ጠቅሼ ጻፍኩ፣ ቀበቶ ማሰሬን፣ ሕክምናዬ ገና አለማለቁን፣ ገንዘቡንም ሕክምናው ሲያልቅ በዝርዝር እንደማሳውቅ። የላኩልኝንም ወረቀት እንደማልፈርም። ለስፔኑ ኢንሹራንስም ተመሳሳዩን በአደራ ላክሁ። የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን ስፈልግ ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን ገለባበጥኩት፣ ለካ ሆስፒታል ስወጣ የራጁን ፊልም የሰጡኝ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ታጥፎ ነበር። አሁን ሁሉንም አንድ ማኅደር ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ የደብዳቤዎቹ ደረሰኝ ከላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚመልሱትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።