የገሊቫናይዝድ ቱቦ ጭስ አስጨንቆኛል፤ የብየዳ ሰዎች እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ።

ማክሰኞ ለአጥር የሚሆን ገሊቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ የብረት) ቱቦ ስበይድ ዋልኩ። ነጭ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። ሲበርድ እንደ ጥጥ ብናኝ ሆኖ ክንዴ ላይ ተለጠፈ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። ማታ በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ አንዘፈዘፈኝ፣ ባለቤቴ ሁለት ጋቢ ደረበችልኝ። ወባ ነው ብዬ ተመረመርኩ፤ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ።

ቱቦው የተለበጠበት ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ግን 1500 አካባቢ ነው። ጭሱ አይቀርም ማለት ነው። ሁሉም ሰው «ወተት ጠጣ» ይለኛል። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ያለው ሳንባዬ ላይ ነው።

አሁን ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ልባሱን በግራይንደር ልፋቀው ብል ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ስንት ሴንቲሜትር ይበቃል? ብናኙንስ ምን ላድርገው? ቬንቲሌተሩን ከጎኔ ላድርገው ወይስ ከኋላዬ? ውጭ እንዳልሠራ የጎረቤት ልጆች ቆመው ብልጭታውን ያያሉ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ እንደማይሆን ገብቶኛል፤ ባለ ፊልተሩን ድሬ ውስጥ የት ገዛችሁ?

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የአራት ዓመቷ ልጄ ናት። የምትተኛው ከሰርቪሱ ግድግዳ ወዲህ ነው፣ መስኮቷም ወደዚያው ይከፈታል። ያለባችሁን ሥራ አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ መልሱልኝ። የቀሩትን 12 ቱቦዎች ሳልነካ እየጠበቅኩ ነው።