የሲሜክ ማስተማሪያችን በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አልሠራ አለ፤ ሥልጠናው ነገ ጠዋት ነው

አሰልጣኝ ዘባሕር ዳር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ። ነገ ጠዋት ለጀማሪዎች የሲ ፕላስ ፕላስ ሥልጠና አለን፤ የምንጠቀመውም ከዓመታት በፊት በአማርኛ ተዘጋጅቶ በቴሌግራም በፒዲኤፍ የሚዞረውን የሲሜክ (የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶችን ለመገንባት የሚያገለግለው መሣሪያ) መግቢያ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹን ስንፈትሽ ከፊሎቹ የመጀመሪያውን ምሳሌ ያለ ችግር ሠሩት፤ የቀሩት ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር «ከ3.5 በታች ከሆነ ሲሜክ ጋር የነበረው ተኳኋኝነት ተወግዷል» የሚል ስሕተት አውጥተው ቆሙ። ፋይሉ አንድ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የድሮውን ሲሜክ በሁሉም ላይ መልሶ ለመጫን ፈጣኑ መንገድ የትኛው ነው? ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ብዙ ማውረድ አንችልም።

የኡቡንቱ ወዳጅ፦
የድሮውን ለመጫን ከመነሣትዎ በፊት ጥቂት ነገር ቢነግሩን መልሱ ያጥራል። በሚሠሩትና በማይሠሩት ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የሲሜክ ስሪት ስንት ነው? ሲስተማቸውስ ምንድን ነው? ፕሮጀክቱ እንዴት እንደሚገነባ ለሲሜክ የሚነግረው የሲሜክሊስትስ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ የተጻፈው ቁጥርስ? ግምቴን ልናገርና፣ የሚሠሩት ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 የተጫነባቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ከሲሜክ 3.22፣ ሁለተኛው ከ3.28 ጋር ይመጣል። የማይሠሩት ደግሞ ሲሜክን በቅርቡ ከድረ ገጹ፣ በማክ ላይ በሆምብሩ ወይም በፓይተን ፒፕ (ሁለቱም ፕሮግራም መጫኛ መሣሪያዎች ናቸው) በኩል የጫኑ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ተመራቂው፦
ምንም አይጫን፣ ምንም አይውረድ። በስሕተቱ መልእክት መጨረሻ ላይ በሰረዝና በዲ ፊደል የሚጀምር፣ በ3.5 የሚያልቅ አንድ ረዘም ያለ ቃል ተጽፏል፤ ሲሜክ ፖሊሲ ቨርዥን ሚኒመም የሚለው ነው። እርሱን እንዳለ ገልብጠው ሲሜክን በሚጠሩበት ትእዛዝ ላይ ይጨምሩት። ለነገ ያደርስዎታል፤ እርስዎም ቡናዎን ጠጥተው በጊዜ ይተኛሉ።

የቆየ ፕሮግራመር፦
ተመራቂው የሰጠው መልስ ለነገ ጠዋት ይሆናል፤ ማስተማሪያው ውስጥ እንዲገባ ግን አልመክርም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በፋይሉ አናት ላይ ዝቅተኛውን ስሪት የሚናገረው መስመር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከተጻፈው ቁጥር በታች የሆነ ሲሜክ ፕሮጀክቱን እንዳይነካ መከልከል ነው። ሁለተኛውና ብዙ ማስተማሪያዎች ሳይነግሩን የሚያልፉት ሥራው ደግሞ አዲስ ሲሜክ እንኳ ቢሆን በዚያ ቁጥር ዘመን እንደነበረው ሆኖ እንዲሠራ ማዘዝ ነው። ሲሜክ ጠባዩን በቀየረ ቁጥር አሮጌውንና አዲሱን አሠራር ፖሊሲ በሚባል መዝገብ ለይቶ ይይዛል፤ የትኛው እንደሚሠራም ከዚህ ቁጥር ያነባል።

እንግዲህ በፋይላችሁ አናት ላይ ይኖራል ብዬ የምገምተው 2.8 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በዚያን ጊዜ ማስተማሪያ የጻፉ ሰዎች ይህን ቁጥር መጻፋቸው ትክክል ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ፕሮጀክቱ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ብለው በማሰብ እየገለበጡ ከአንዱ ማስተማሪያ ወደ ሌላው አሻገሩት፤ ከማስተማሪያው የተማረውም ሰው ወደ እውነተኛ ፕሮጀክቱ ወሰደው። የሲሜክ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 3.27 ላይ ከ3.5 በታች ለሚጽፍ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በወጣው 4.0 ላይ ድጋፉን ጨርሰው አነሡት። ማስተማሪያውን በየጊዜው ከፍቶ ምሳሌዎቹን የሚያስኬድ ሰው ቢኖር ኖሮ ማስጠንቀቂያውን ከሥልጠናው ዋዜማ በብዙ ወራት ቀድሞ ያየው ነበር።

ስለዚህ የድሮውን ሲሜክ መልሶ መጫን ለተማሪዎቹ አይበጅም፤ ነገ ቤታቸው ሄደው አዲሱን ሲጭኑ ያው ስሕተት ይገጥማቸዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አጠገባቸው አሰልጣኝ የለም። ዝቅተኛውን 3.22፣ ከፍተኛውን 4.0 አድርገው በመካከላቸው ሦስት ነጥብ አስገብተው ይጻፉት። ይህ አጻጻፍ ፕሮጀክቱ ቢያንስ 3.22 ይፈልጋል፣ እስከ 4.0 ባሉት ፖሊሲዎች ግን ተፈትኖ ሠርቷል ማለት ነው። ወደ 3.5 ብቻ ከፍ ቢያደርጉት ስሕተቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ከ3.31 ወዲህ ያሉት ስሪቶች ከ3.10 በታች ለሆነው ሁሉ ያስጠነቅቃሉና ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ መስመር እንደገና ያርሙታል።

አሰልጣኝ ዘባሕር ዳር፦
ፈጥናችሁ ስለደረሳችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የተገመተው ልክ ነው፤ መስመሩ 2.8 ይላል፣ የሚሠሩት ኡቡንቱ 22.04 ናቸው፣ የማይሠሩት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይዘዋቸው የመጡ ላፕቶፖች ናቸው። መስመሩን በሦስቱ ነጥብ ስንቀይረው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ምዕራፍ ምሳሌዎች በሁሉም ላይ ሠርተዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ያው ስሕተት ተመልሶ መጥቷል፤ መስመሩ እዚያም ታርሟል፤ እኛ ሁለት ጊዜ አይተነዋል።

ሰላም ኮደር፦
2.8 የሚለውን ወደ 3.5 ይለውጡት። እኔ ዘንድ በዚህ ተስተካክሏል።

የኡቡንቱ ወዳጅ፦
ሰላም፣ እርሱን አርመዋል፤ አሁን የቀረው ሌላ ነው። አሰልጣኝ፣ ከስሕተቱ በላይ ያለውን መስመር ይመልከቱ፤ ስሕተቱ የተነሣበት ፋይል ሙሉ አድራሻ ተጽፏል። ሦስተኛው ምዕራፍ የመፈተኛ ላይብረሪ የሚጨምረው ከሆነ አድራሻው ወደ እርስዎ ፋይል ሳይሆን ወደዚያ ላይብረሪ ፎልደር የሚወስድ ይመስለኛል። የድሮው ላይብረሪ የራሱ የሲሜክሊስትስ ፋይል አለው፤ እርሱም በአናቱ ላይ ያረጀ ቁጥር ይዟል። የተመራቂው መፍትሔ በትክክል የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ ልናርመው የማይገባን የሌላ ሰው ኮድ በፕሮጀክታችን ውስጥ ሲኖር። ለነገ በእርሱ ይለፉ፤ በኋላ ግን ማስተማሪያው የሚጠራውን የላይብረሪ ስሪት ወደ አዲስ ይቀይሩ። ኢንተርኔቱ ስለሚያስቸግር አዲሱን አንድ ጊዜ አውርደው ከምሳሌዎቹ ጋር በአንድ ፎልደር ቢያስቀምጡት ሠልጣኞቹ ከእርስዎ በፍላሽ ይወስዱታል።

ተማሪ ከጅማ፦
ፍላሽ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ስታካፍሉ ቢልድ የሚለውን ፎልደር አታካትቱ። ሲሜክ በዚያ ውስጥ በሚያስቀምጠው የካሽ ፋይል ላይ ፕሮጀክቱ የነበረበትን ሙሉ አድራሻ ይጽፋል፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አድራሻው ስለማይገጥም ሌላ ዓይነት ስሕተት ያወጣል፤ ሠልጣኙም ከስሪቱ ጋር የተያያዘ ይመስለዋል። ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፦
ይቅርታ ይደረግልኝና ጥያቄው ከመነሻው ያሳስበኛል። ለጀማሪ ሲሜክ ማስተማር ለምን አስፈለገ? አንድ ፋይል ያለው ፕሮግራም በአንድ መስመር ትእዛዝ በኮምፓይለሩ ይሠራል፤ ያ ትእዛዝ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በፊት እንደነበረው ዛሬም ይሠራል። ተማሪው ቋንቋውን ሳያውቅ በመሣሪያው ስሕተት ተስፋ ይቆርጣል። ማስተማሪያውን ከማደስ ይልቅ ያንን ምዕራፍ ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ።

የቆየ ፕሮግራመር፦
መምህር፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ትክክል ነዎት፤ እኔም ኮምፓይለሩን በቀጥታ በመጥራት እጀምራለሁ። ነገር ግን ተማሪው ወደ ማንኛውም ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ገብቶ አንዲት ነገር ላስተካክል ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ፕሮጀክቱን በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ መገንባት ነው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ዓለም ደግሞ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሲሜክ ነው። ምዕራፉን ስናወጣው ያ በር ይዘጋል። በአማርኛ የተጻፈ ሌላ መግቢያ ስንት አለ? ስለዚህ ያለውን ማደስ ይገባናል እላለሁ።

የመምህርን ነገር ግን በአንድ በኩል እቀበለዋለሁ፤ ብዙዎቹ የድሮ ማስተማሪያዎች ጀማሪውን ባልሆነ ሸክም ይጭኑታል። ፎልደር ፍጠር፣ ግባ፣ ሲሜክን በሁለት ነጥብ ጥራ፣ ከዚያ ሜክ በል ይላሉ፤ ሜክ የሚባለው ትእዛዝ ግን ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ላይ የለም። ከ3.13 ጀምሮ ምንጩንና የግንባታውን ፎልደር በኤስና በቢ ምልክት በአንድ ትእዛዝ መጥቀስ ይቻላል፤ ግንባታውንም በራሱ በሲሜክ፣ ቢልድ በሚለው አማራጭ ማዘዝ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ብቻ ማረም የስንቱን ተማሪ ጥያቄ ያስቀራል።

ሰነድ ጠባቂ ከአምስተርዳም፦
እኔ የአንድ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ሰነዶችን በበጎ ፈቃድ ስለማዘጋጅ፣ ነገ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ልጻፍ።

የማስተማሪያ ምሳሌ በሰነዱ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ብቻ ከተቀመጠ ማንም አያስኬደውም፤ ስለዚህ መበላሸቱን የመጀመሪያ የሚያውቀው ጀማሪው ይሆናል፤ ከሁላችን ይልቅ ስሕተቱን ለመረዳት አቅም የሌለው እርሱ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ይተወዋል፤ ለማንም አይነግርም። መፍትሔው ምሳሌዎቹን እውነተኛ ፋይሎች አድርጎ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ማስቀመጥና ሰነዱ ሲዘጋጅ ከእነዚያ ፋይሎች በቀጥታ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ ስፊንክስን የመሳሰሉ የሰነድ መሣሪያዎች ይህን ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ተማሪው የሚያነበው ኮድና የተፈተነው ኮድ አንድ ይሆናል። ሲሜክም ቢሆን የራሱን ማስተማሪያ ከመሣሪያው ኮድ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

ቀጥሎ በአውቶማቲክ መፈተን ይመጣል። ሁለት ስሪት ይበቃል፤ ተማሪዎቹ ያላቸው አሮጌው፣ ማለትም 3.22፣ እና በዕለቱ የወጣው አዲሱ። ሁለቱንም በፓይተን ፒፕ የስሪት ቁጥር ጠቅሶ በየራሱ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ ለብቻው በሚጫንበት ቦታ) መጫን ይቻላል። ማስጠንቀቂያም እንደ ስሕተት ይቆጠር፤ በመሣሪያዎች ዓለም የዛሬ ማስጠንቀቂያ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ስሕተት መሆኑን ከላይ አይታችኋል። ፈተናው ሰው ፋይል ሲቀይር ብቻ ሳይሆን በየወሩ ይሂድ፤ ማስተማሪያ የሚበላሸው ማንም ሳይነካው ነውና። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የጊት ማኅደሮች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ለሁሉም ክፍት በሆኑ ማኅደሮች ላይ 60 ቀን ምንም እንቅስቃሴ ካላየ በጊዜ ሰሌዳ የሚሄዱትን ፈተናዎች ራሱ ያቆማቸዋል። የተረጋጋ ማስተማሪያ ደግሞ ለወራት አይነካም። ስለዚህ ፈተናው በእርግጥ እየሄደ መሆኑን የሚያይ አንድ ሰው በስም ይመደብ።

ሰላም ኮደር፦
ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ፒዲኤፉ አንዴ በቴሌግራም ከዞረ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ማኅደሩ ቢታደስም ተማሪው የሚያገኘው የድሮውን ነው።

ሰነድ ጠባቂ ከአምስተርዳም፦
እውነት ነው፤ መመለስ አይቻልም። የሚቻለው የሚቀጥለው ቅጂ ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስተማሪያው በየትኞቹ የሲሜክ ስሪቶችና በየትኛው ወር እንደተፈተነ ይጻፍ፤ አዲሱ ቅጂ የሚገኝበት አድራሻም ከነኪውአር ኮዱ ይቀመጥ። ቀኑም በስሪት ቁጥር እንጂ በዓመተ ምሕረት ብቻ አይሁን፤ በእኛ አቆጣጠርና በአውሮፓውያኑ መካከል አንባቢው ይደናገራል። ከዚህ ሌላ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሊገጥሙ የሚችሉ ስሕተቶችን ከነሙሉ እንግሊዝኛ መልእክታቸው አስፍሩ፤ ተማሪው መልእክቱን ገልብጦ ሲፈልግ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ተመራቂው፦
አሰልጣኝ፣ ሥልጠናው እንዴት ዋለ? ሦስተኛው ምዕራፍ አለፈ?

አንድሮይድ ጀማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ልጠይቅ፤ ከድሮ የአንድሮይድ ማስተማሪያ እየተማርኩ ግሬድል (የአንድሮይድ ፕሮጀክቶችን የሚገነባው መሣሪያ) «ኮምፓይል የሚባለውን አላውቀውም» ይለኛል። አስቸኳይ ነው።

የኡቡንቱ ወዳጅ፦
ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኮምፓይል የሚለው አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ግሬድል 7.0 ላይ ተወግዷል፤ በምትኩ ኢምፕሊመንቴሽን ብለው ይጻፉ። ማስተማሪያው ጄሴንተር የተባለውን የላይብረሪ ማከማቻ የሚጠራ ከሆነም በማቨን ሴንትራል ይተኩት። ወደ ድሮው ግሬድል ለመመለስ ካሰቡ ግን አስቀድመው ጃቫዎን ይመልከቱ፤ ግሬድል ራሱ በጃቫ 17 ላይ መሄድ የቻለው ከ7.3 ጀምሮ ስለሆነ የድሮው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በፕሮጀክቱ ውስጥ ያለው የግሬድል ራፐር ፋይል የትኛውን ስሪት እንደሚጠራ፣ የጃቫዎ ስሪትም ስንት እንደሆነ ይጻፉልን፤ የቀረውን ከዚያ እናያለን።