ፊታቸውን የሚቀቡት ሁለቱ ሬስለሮች እነማን ነበሩ? ዙርባ ተይዞበታል

የደቻቱ ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ትናንት በርጫ ላይ ተጣልተን ነው የተነሳነው፣ እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይገላግለን። ልጅ ሆነን ድሬዳዋ መጋላ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ጆንያ ላይ ተደርድረን ሬስሊንግ የምናይበት። ሰውዬው ያለው ካሴት በባቡር ከጅቡቲ የመጣ አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው፣ ሁሌ እሱኑ ይከፍትልናል ግን በር ላይ ቆሞ "ዛሬ አዲስ ነው አዲስ ነው" እያለ ሳንቲማችንን ይለቅማል። እና እዛ ካሴት ላይ ፊታቸውን የተቀቡ፣ ትከሻቸው ላይ ሹል ሹል ነገር የተሰካበት ልብስ የሚያደርጉ ሁለት ግዙፎች ነበሩ። አንዱ ሰውየውን እሽኮኮ ያደርገዋል፣ ሌላው ገመዱ ጫፍ ላይ ይወጣና ዘሎ በክንዱ አንገቱን ብሎ ያወርደዋል። ጓደኛዬ ዴሞሊሽን ናቸው አለ፣ እኔ ሊጅን ኦፍ ዱም አልኩ፣ ሶስተኛው ደሞ ሁለታችሁም ዝም በሉ ሮድ ዋሪየርስ ነው የሚባሉት አለ። አንድ ዙርባ (እስር) የአወዳይ ጫት ተይዟል። ደሞ ቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንደኛው ሪንግ ውስጥ ሞቷል ይለን ነበር፣ እውነት ነው?

ነምበር ዋን፦
አቦ ይሄ ምኑ ያከራክራል፣ ዴሞሊሽን ናቸዋ! አክስ እና ስማሽ። ፊት የሚቀቡት እነሱ ናቸው። ዙርባውን ለጓደኛህ ስጥና ተገላገል።

ሸዋበር ሐረር፦
ነምበር ዋን ተሳስተሃል ወንድሜ። እሽኮኮ አድርጎ ከላይ መምታት የዴሞሊሽን አይደለም። የነሱ ስማሽ ሰውየውን ጉልበቱ ላይ በጀርባው ያስተኛዋል፣ አክስ ከሁለተኛው ገመድ ላይ በክርኑ ይወርድበታል። እሽኮኮው ዱምስዴይ ዲቫይስ ይባላል፣ ተሸካሚው አኒማል፣ ዘላዩ ሆክ። ስለዚህ አንተና ሶስተኛው ጓደኛህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ምክንያቱም ሮድ ዋሪየርስና ሊጅን ኦፍ ዱም ያው እነዛው ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ዳብልዩ ዳብልዩ ኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ሳይገቡ ሮድ ዋሪየርስ ነበር በዋናነት የሚባሉት፣ በፈረንጅ 1990 ሲገቡ ሊጅን ኦፍ ዱም ተባሉ።

ወንድማማቾች አይደሉም። የሆክ ስም ማይክል ሄግስትራንድ ነው፣ የአኒማል ጆሴፍ ሎሪናይተስ፣ ሁለቱም የሚኒያፖሊስ ልጆች፣ መጠጥ ቤት በር ላይ ጠብ የሚገላግሉ ጉልበተኞች ነበሩ። ያሰለጠናቸው ኤዲ ሻርኪ የሚባል ሰው ነው። አኒማል መጀመሪያ ብቻውን ነበር፣ በሞተር ሳይክል ነጂ ልብስ "ሮድ ዋሪየር" ተብሎ ይገባ ነበር። በፈረንጅ 1983 ጆርጂያ ውስጥ ከሆክ ጋር አጣመሯቸውና ፖል ኤለሪንግ የሚባል ማናጀር ተሰጣቸው፣ ያ ጋዜጣ ይዞ የሚገባው ሰውዬ። ከዛ "ከቺካጎ የመጡ" እየተባለ ይታወጅላቸው ጀመር፣ ሚኒያፖሊስ መቼም አያስፈራም መሰለኝ።

ልዩ ያደረጋቸው ምን መሰላችሁ፣ ዱላ አይሰማቸውም ነበር። ሌላው ሬስለር ሲመታ ተንከባሎ ሪንጉን ይዞራል፣ እነሱ ዝም ብለው ያዩሃል። በዛ ላይ እነሱ ሲመቱ እውነት ነው፣ አብሯቸው የሚገጥም ሰው ማታ ቤቱ በረዶ ይዞ ነው የሚተኛው። በ1986 ሚድናይት ኤክስፕረስ የሚባሉትን ጥንድ የገጠሙት ከሪንጉ በላይ በተሰራ እንደ ህንፃ ርብራብ ያለ ነገር ላይ ነበር፣ ያሸነፈ ማለት ሌላውን ወደ ታች የጣለ። የነዛ ማናጀር ጂም ኮርኔት እየተንጠለጠለ ሲወርድ የሚይዘው ሰው ስቶት ጉልበቱን ተበጠሰ። ውሸት ነው ውሸት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺን ነው የማሳየው።

የጥንድ ሻምፒዮና ቀበቶውን በተመለከተ በሶስቱ ትልልቅ ድርጅቶች የኤ ዳብልዩ ኤውን በ1984፣ የኤን ዳብልዩ ኤውን በ1988፣ የዳብልዩ ዳብልዩ ኤፉን በ1991 ወሰዱ፣ ሶስቱንም የበላ የመጀመሪያው ጥንድ እነሱ ናቸው።

ሪንግ ውስጥ የሞተ የለም። ሆክ በ2003 በልብ ነው የሞተው፣ ገና 46 አመቱ ነበር። አኒማልም በ2020 በልብ፣ በ60 አመቱ።

ነምበር ዋን፦
እሺ እሽኮኮው ላይ ተሸንፌያለሁ ግን ዴሞሊሽንን አታሳንሷቸው ወርያ። ከ1988 እስከ 89 የዳብልዩ ዳብልዩ ኤፉን ቀበቶ 478 ቀን ይዘዋል፣ ሆክና አኒማል እዛ ድርጅት እንደዛ የቆዩበት ጊዜ የለም።

ሸዋበር ሐረር፦
ልክ ነህ። ግን አመጣጣቸውን እይ፣ ሮድ ዋሪየርስ ሌላ ድርጅት ገበያውን ሲያናጉት ነው በ1987 ፊት ቀብተው ቆዳ አልብሰው ዴሞሊሽንን ያመጧቸው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ የምትገዛው "አዲዳስ" በለው። ጥሩ ጫማ ነው፣ ይረግጣል፣ ያው ግን አዲዳስ አይደለም። ኋላ ኦሪጅናሎቹ ራሳቸው መጡና በ1990ው ሰመርስላም በሚባለው ትልቅ ዝግጅት ጣልቃ ገብተው ዴሞሊሽንን ሃርት ፋውንዴሽን ለሚባለው ጥንድ አስረከቧቸው፣ ከዛ ወዲህ ዴሞሊሽን ቀዘቀዘ።

የደቻቱ ልጅ፦
ሸዋበር አንተ ሰው ነህ! አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዛው ካሴት ላይ በሞተር ሳይክል ነው የገቡት፣ ስታዲየም ውስጥ፣ ህዝቡ መአት ነው። እና መጨረሻ ላይ ብሬት ሃርት ይሸነፋል፣ እኔ አልቅሼ ነው የወጣሁት። ጓደኛዬ ደሞ ሞተሩን ያስታውሳል እሽኮኮውን ግን አላየሁም ብሎ ድርቅ አለ።

ሸዋበር ሐረር፦
እንዲህ ንገረኝ እንጂ! የ1992 ሰመርስላም ነው፣ ለንደን ዌምብሊ፣ በኛ ነሐሴ 84። ብሬት ሃርትን ያሸነፈው ብሪቲሽ ቡልዶግ ነው። ሊጅን ኦፍ ዱም በሞተር ገብተው ቴድ ዲቢያሲንና አይ አር ኤስን ገጠሙ። ግን ጓደኛህም እውነቱን ነው፣ ያን ቀን ያሸነፉት በእሽኮኮው አይደለም፣ አኒማል ዲቢያሲን ብድግ አድርጎ መሬት ላይ አፍርጦት ነው ያለቀው። እሽኮኮውን ያየኸው ሌላ ካሴት ላይ ነው። ከዛ ግጥሚያ በኋላ ደሞ ሆክ ጥሎ ሄደ፣ ጃፓን ከኬንስኬ ሳሳኪ ጋር ሄል ሬዘርስ ተብሎ ይሰራ ጀመር፣ አኒማል ጀርባውን ታሞ አመታት ተቀመጠ። እስከ 1997 ድረስ ዳብልዩ ዳብልዩ ኤፍ አብረው አልተመለሱም።

የደቻቱ ልጅ፦
ቆይ ማለት ያ ሰውዬ እውነትም አንዳንዴ አዲስ ካሴት ያስገባልን ነበር ማለት ነው?! ስንት አመት ሌባ ስለው ኖርኩ። ለጓደኛዬ አነበብኩለት፣ "ስለዚህ እኔም ልክ ነኝ" ብሎ ዙርባውን ግማሽ እያለኝ ነው፣ ዴሞሊሽን ያለውን ግን ረስቶታል። አሁን አሸዋ ገበያ እየሄድን ነው፣ ማን እንደሚከፍል ባጃጅ ውስጥ እንጨርሰዋለን።