አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ እንዲገባ ምን ልኬት ልግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ መላ በሉኝ። ለጥምቀት ድንኳን ቁመቱ ከፍ ዝቅ የሚል የብረት ምሰሶ ላሠራ ነው፣ ተበስቶ በቡሎን የሚያዝ። ጎንደር ፒያሳ ያሉት ሻጮች የሚያወሩት በኢንች ብቻ ነው፤ የውስጡን ስፋት ስትጠይቃቸው ዝም። አንድ ተኩል ኢንቹ ከውጪ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግድግዳው 3.2 ከሆነ ውስጡ የሚቀረው 41.9፤ የአንድ ከሩቡ ውጪ ደግሞ 42.4! በመዶሻም አይገባ። አንድ ኢንቹን (33.7) ልክተት ብል እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ግድግዳው 2.6 የሆነ አንድ ተኩል ባገኝ ውስጡ 43.1 ይሆናል። የ0.7 ክፍተት ይበቃል፣ ወይስ ቀለም ሲቀባ ይነክሳል? ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው የብየዳ ስፌት አለ፣ እሱን በምን ትሞርዱታላችሁ? ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ይሻላል የምትሉም ልኬቱን ጻፉልኝ። ድንኳን ነውና ሰው ላይ እንዳይወድቅ፣ ውስጠኛው ቢያንስ ምን ያህል ገብቶ ይቅር?